ወደ ኋላ የሚመልስ ስሌት

የሶማሌላንድ ዋና ከተማ ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ስትሆን፣ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም። ከተማይቱን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፈው የወንዝ መሄጃ ከዝናብ ወራት በቀር ደረቅ አሸዋ ነው። ለነዋሪው ሕዝብ የሚዳረሰው የቧንቧ ውኃ በአብዛኛው የሚመጣው በስተሰሜን ከሚገኙት የገድ ዴብሌ ጉድጓዶች ሲሆን፣ እነዚህም በ1970ዎቹ ዓመታት በቻይና እርዳታ የተሠሩ ናቸው። ይሁን እንጂ የቧንቧው ውኃ ለሁሉም ስለማይበቃ፣ ብዙ ቤተሰብ ከውኃ ጫኝ መኪና እየገዛ በጋን፣ በበርሜልና በታንከር ያጠራቅማል።

ከከተማይቱ በስተደቡብ ደግሞ ሐውድ የሚባለው ሰፊ የግጦሽ ሜዳ ይገኛል። ሜዳው ድንበሩን ተሻግሮ እስከ ኢትዮጵያ የሶማሌ ክልል ድረስ ይዘልቃል። በዚያ የሚኖሩት አርብቶ አደሮች ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ መሬቱን እየቆፈሩ፣ ግድግዳውንና ወለሉን በድንጋይና በሲሚንቶ እየለበጡ፣ የጎርፍ ውኃ ማጠራቀሚያ መሥራት ጀመሩ። ይህን ማጠራቀሚያ በርከድ ይሉታል። በርከዱ ጉ በሚባለው የዝናብ ወቅት ይሞላል፤ ጂላል የሚባለው ደረቅ ወቅት ሲመጣ ሰውም ከብትም ከዚያ ይጠጣል። ስለዚህ አንድ በርከድ ስንት ውኃ ይይዛል የሚለው ጥያቄ በሐውድ ምድር የክፍል ውስጥ መልመጃ ብቻ አይደለም።

እስቲ ወለሉ አራት ማዕዘን፣ ጎኖቹ እኩል፣ ጥልቀቱም 3 ሜትር የሆነ አንድ በርከድ እናስብ። ጎኑ 10 ሜትር ቢሆን፣ የወለሉ ስፋት 10 በ10፣ ማለትም 100 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህን በጥልቀቱ በ3 ስናባዛው 300 ሜትር ኩብ ወይም 300,000 ሊትር ውኃ እናገኛለን። ጎኑን «ጎ»፣ የሚይዘውን ውኃ ደግሞ «ይ» ብንለው፣ ቀመሩ ይ = 3 × ጎ² ይሆናል። ለእያንዳንዱ የጎን ርዝመት አንድ፣ አንድ ብቻ የሆነ የውኃ መጠን ስለሚሰጠን፣ እንዲህ ያለው ዝምድና በሒሳብ ፋንክሽን ይባላል።

ነገር ግን በርከድ አሠሪው መንደር ጥያቄውን በዚህ አኳኋን አይጠይቅም። መንደሩ አስቀድሞ የሚያውቀው በረሐብና በጥም ወራት ስንት ውኃ እንደሚያስፈልገው ነው፤ የማያውቀው ጉድጓዱ ምን ያህል ይቆፈር የሚለውን ነው። ይህ ያንኑ መንገድ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ከጎን ወደ ውኃ ሳይሆን፣ ከውኃ ወደ ጎን። ይህን የመልስ ጉዞ የሚያከናውነው ፋንክሽን በእንግሊዝኛው ኢንቨርስ ፋንክሽን ሲባል፣ በዚህ ምንባብ «መላሽ ፋንክሽን» እንለዋለን። ሥራው መመለስ ነውና ስሙም ይስማማዋል።

የመላሹን ቀመር ለማግኘት የሥራውን ቅደም ተከተል ማስተዋል ያሻል። መጀመሪያ ጎኑን በራሱ አባዛን፤ ቀጥለን በ3 አባዛን። ስንመለስ በመጨረሻ የሠራነውን በመጀመሪያ እናፈርሳለን። አርብቶ አደሩ ሰፈሩን ሲለቅ የጎጆውን ወጋግራና ሰሌን በግመል ላይ ከጫነ በኋላ በላዩ ገመድ ያጠብቃል፤ ከአዲሱ ሰፈር ሲደርስ ግን የሚፈታው አስቀድሞ ገመዱን ነው፤ ሰሌኑን ከገመዱ በፊት ላውርድ ቢል ጭነቱ አይወርድለትም። ስለሆነም መጀመሪያ ለ3 እናካፍላለን፤ ከዚያ በኋላ በራሱ ተባዝቶ ያንን የሚሰጠውን ቁጥር፣ ይኸውም ዳግም ዘሩን እንፈልጋለን። ቀመሩ ጎ = √(ይ ÷ 3) ነው። 300 ለ3 ሲካፈል 100፣ የ100 ዳግም ዘር 10፤ ከተነሣንበት ደረስን።

ቅደም ተከተሉን ብናዛባ የሚደርሰውን ጉዳት በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ ሰው በስሕተት የ300ን ዳግም ዘር፣ 17.32ን፣ በመጀመሪያ አውጥቶ ኋላ ለ3 ቢያካፍል 5.77 ያገኛል። ጎኑ 5.77 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ በርከድ የሚይዘው 100 ሜትር ኩብ ውኃ ብቻ ነው። ለሦስት ወር የታሰበው ውኃ በአንድ ወር ያልቃል ማለት ነው።

በዳግም ዘር የሚሠራ እንዲህ ያለ ፋንክሽን ራዲካል ፋንክሽን ይባላል። ከእጥፍና ከግማሽ ጋር ብቻ የለመደ አእምሮ የዚህን ፋንክሽን ጠባይ ቶሎ አይቀበለውም። መንደሩ አድጎ የውኃ ፍላጎቱ ከ300 ወደ 600 ሜትር ኩብ ከፍ አለ እንበል። ብዙ ሰው ወዲያውኑ፣ «ውኃው እጥፍ ከሆነ ጎኑም እጥፍ ይሁን» ይላል። ጎኑ 20 ሜትር ቢሆን ግን በርከዱ የሚይዘው 1,200 ሜትር ኩብ፣ ማለት ከተፈለገው ሁለት እጥፍ ነው። በሲሚንቶ የሚለበጠው ወለልና ግድግዳ 640 ካሬ ሜትር ይደርሳል፤ በትክክለኛው ስሌት ቢሠራ ግን 370 ካሬ ሜትር ገደማ ይበቃ ነበር። ቁፋሮው በአካፋና በዶማ ከሆነ፣ ያለ አገልግሎት የሚወጣው 600 ሜትር ኩብ አፈር የስንት ሰው ጉልበት እንደሆነ ማንም ይገምተዋል።

ትክክለኛው ጎን የ200 ዳግም ዘር ነው፤ 600 ለ3 ሲካፈል 200 ነውና። ነገር ግን 200 እንደ 100 ወይም እንደ 225 ልኩን የሚሰጥ ሙሉ ቁጥር የለውም። የሒሳብ መኪና በሌለበት እንዴት ይገኛል? በአንደኛው ምእት ዓመት በእስክንድርያ ይኖር የነበረው ሔሮን ያስተማረው ዘዴ ዛሬም አይናቅም። በመጀመሪያ ግምት እንውሰድ፤ 14 ይሁን። 200ን ለ14 ስናካፍል 14.286 እናገኛለን። ግምታችን 14 ትንሽ አንሷል፤ 14.286 ደግሞ ትንሽ በልጧል፤ እውነተኛው ዘር በሁለቱ መካከል ነው። ሁለቱን ደምረን ለሁለት ብናካፍል 14.143 ይሆናል። ከእውነተኛው ዘር ጋር ያለው ልዩነት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የትኛው ግንበኛ ነው ከዚህ የጠራ ልክ የሚፈልግ? ከሔሮን በፊትም ቢሆን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1800 እና በ1600 መካከል በባቢሎን የተጻፈ አንድ የሸክላ ጽላት የ2ን ዳግም ዘር ከነጥብ በኋላ እስከ አምስተኛው ቤት ድረስ በትክክል አስፍሮ ይገኛል።

የውኃውን መጠን በአግድም፣ ጎኑን በቁም አድርገን ግራፍ ብናነሣ፣ 75 ሜትር ኩብ 5 ሜትር፣ 300 ሜትር ኩብ 10 ሜትር፣ 675 ሜትር ኩብ 15 ሜትር፣ 1,200 ሜትር ኩብ 20 ሜትር ይጠይቃል። መስመሩ መጀመሪያ ፈጥኖ ይወጣል፤ ኋላ ግን እየተጋደመ ይሄዳል። ይህን ግራፍ ከመጀመሪያው ፋንክሽን ግራፍ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ፣ በሁለቱም ዘንጎች አንድ ዐይነት መለኪያ ተጠቅመን ብንሥልና ወረቀቱን ከመነሻው ነጥብ በሰያፍ በሚወጣው መስመር ላይ ብናጥፈው፣ አንዱ በሌላው ላይ ልክ ይገጥማል። መላሹ የፊተኛው የመስተዋት ምስል ነውና።

ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ፣ ቁመቱም ስፋቱም እኩል ለሆነ ታንከር ነገሩ ትንሽ ይለያል። ጎኑ ሦስት ጊዜ በራሱ ስለሚባዛ፣ መላሹ ሣልስ ዘር ይሆናል። የሚይዘውን ውኃ እጥፍ ለማድረግ ጎኑን በ1.26 ማባዛት ይበቃል። ጎኑ 1 ሜትር የሆነው ታንከር 1,000 ሊትር ሲይዝ፣ 1.26 ሜትር የሆነው 2,000 ሊትር ይይዛል።

አሁን ደግሞ ሁሉም ፋንክሽን መላሽ አለው ወይ ብለን እንጠይቅ። የለውም። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ከሐርጌሳ ገበያ መውጣት አያስፈልግም። ቴሌሶም የተባለው ኩባንያ በ2009 እ.ኤ.አ. ዛድ የተባለውን የስልክ ገንዘብ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ፣ ብዙ ሸቀጥ የሚሸጠውና የሚገዛው በስልክ ነው። እያንዳንዱ የስልክ ቁጥር አንድ ባለቤት ካለው፣ ከቁጥር ወደ ባለቤት የሚወስደው መንገድ ፋንክሽን ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነጋዴ ሁለት ቁጥሮች ቢኖሩት፣ ከባለቤቱ ተነሥቶ ወደ ቁጥሩ መመለስ የሚፈልግ ሰው ከሁለቱ የትኛውን ይወስዳል? መልሱ አንድ ስላልሆነ መላሽ ፋንክሽን የለም። መላሽ የሚኖረው፣ ሁለት የተለያዩ መነሻዎች ወደ አንድ መድረሻ የማይሄዱ ሲሆን ብቻ ነው።

በገበያው ዳር የሶማሌላንድ ሽልንግ በቁልል ደርድረው የሚቀመጡት መንዛሪዎች ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራሉ። ሽልንጉ ሥራ ላይ የዋለው በ1994 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ምንዛሪው ከቀን ቀን ይለዋወጣል። ለምሳሌ ያህል መንዛሪው አንዱን ዶላር በ10,000 ሽልንግ ይገዛል፣ በ10,200 ሽልንግ ይሸጣል እንበል። መቶ ዶላር የሰጠ ሰው አንድ ሚሊዮን ሽልንግ ይቀበላል፤ ያንኑ ሽልንግ ይዞ ወዲያው ቢመለስ ግን የሚያገኘው 98 ዶላር ያህል ነው። መግዣና መሸጫ ሲታዩ መሄድና መመለስ ይመስላሉ እንጂ አንዱ የሌላው መላሽ አይደለም፤ በመካከል ያለው ልዩነት የመንዛሪው እንጀራ ነው። እውነተኛ መላሽ የሄደውን ሳያጎድል ከተነሣበት ቦታ ያደርሳል።

ከዚህ ሐሳብ ተነሥተን ወደ ዳግም ዘር ብንመለስ፣ አንድ የተሰወረ ችግር ይገለጥልናል። 10 በራሱ ሲባዛ 100 ነው፤ ከዜሮ በታች ያለው 10፣ ይኸውም −10፣ በራሱ ሲባዛም 100 ነው። እንደ ሁለት ቁጥር ባለቤቱ ነጋዴ፣ 100 ሁለት መነሻዎች አሉት። ጎኑ ከዜሮ በታች የሆነ በርከድ ስለማይቆፈር፣ በእኛ ምሳሌ ምርጫው በራሱ ተወሰነ። በአልጀብራ ግን ስምምነት አስፈለገ፤ √ የሚለው ምልክት ምንጊዜም ከዜሮ በታች ያልሆነውን ዘር ብቻ ያመለክታል ተባለ። ይህን የዘነጋ ተማሪ √(ሀ + 6) = ሀ የሚለውን ጥያቄ ሁለቱን ወገኖች በራሳቸው አባዝቶ ሲሠራ፣ 3 እና −2 የሚሉ ሁለት መልሶች ያገኛል። 3 ትክክል ነው። በ−2 ብንፈትነው ግን በአንድ ወገን የ4 ዳግም ዘር 2፣ በሌላው ወገን −2 ይቆማል፤ ሁለቱም እኩል አይደሉም። በራስ ማባዛት ምልክትን ስለሚደብቅ፣ ያልተጠራ እንግዳ ሾልኮ ገብቷል። በዚህ ምክንያት የተገኘውን መልስ ሁሉ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መልሶ መፈተን ግዴታ ነው።

ስለ ስያሜም ጥቂት መናገር ይገባል። በአማርኛ የሒሳብ ትምህርት «ተገላቢጦሽ» ሲባል፣ 3ን ወደ ሲሶ፣ 5ን ወደ አምስተኛ እጅ መለወጥ ነው። መላሽ ፋንክሽን ይህ አይደለም። በመጻሕፍት ላይ ሁለቱም −1 በሚል ትንሽ ቁጥር ስለሚመለከቱ ተማሪው በቀላሉ ያደናግራቸዋል፤ ሲሶ የሆነ ውኃ ግን ጎን አይነግረንም።

ዘር የሚለው ቃል ራሱ ሩቅ ተጉዞ የመጣ ነው። በዘጠነኛው ምእት ዓመት በባግዳድ የነበረው አል ኸዋሪዝሚ፣ አልጀብራ የሚለው ስም በተገኘበት መጽሐፉ ውስጥ፣ በራሱ የሚባዛውን ቁጥር በዐረብኛ የዛፍ ሥር በሚል ቃል ጠራው። ወደ ላቲን የተረጐሙት ሰዎችም ቃሉን በቃሉ ተክተው ራዲክስ፣ ማለት ሥር፣ አሉት፤ ራዲካል የሚለው የመጣው ከዚህ ነው። √ የሚለው ምልክት ደግሞ በጀርመናዊው ክርስቶፍ ሩዶልፍ መጽሐፍ በ1525 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ታተመ። የሶማሊ ቋንቋ በ1972 እ.ኤ.አ. በላቲን ፊደል መጻፍ ከጀመረ በኋላ የትምህርት መጻሕፍት ሲዘጋጁ፣ ዘሩን ሒዲድ አሉት፤ ይህም ሥር ማለት ነው። የእኛዎቹ ግን ከሥሩ ይልቅ ዘሩን መረጡ። ዛሬ በሐርጌሳ አንደኛ ደረጃ ትምህርት በሶማሊ፣ ሁለተኛ ደረጃው በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ በታችኛው ክፍል ሒዲድ ብሎ የተማረ ልጅ ከፍ ሲል ሩት የሚል ስም ይጠብቀዋል፤ በአማርኛ ዳግም ዘር ብሎ የጀመረው የኢትዮጵያ ተማሪም ይኸው ስም ይጠብቀዋል።