ቡና፣ ጫትና ሩጫ፦ ለልጆች እንዴት እንጻፍ?

ኬሚስትሪና ስፖርት ሳይንስ የምታጠኑ እህት ወንድሞች፣ የፀረ-አበረታች ቅመሞች ሙያና ለልጆች መጻፍ አብረው ይሄዳሉ፤ ሁለቱም እውነትን በልክ መናገር ይጠይቃሉ።

የጌዴኦ ልጅ «ቡና የጠጣ ሯጭ ይቀጣል?» ቢላችሁ፣ አይቀጣም፤ ካፌይን እ.ኤ.አ. በ2004 ከተከለከሉት ዝርዝር ወጥቷል፤ ዛሬ ክትትል ብቻ ይደረግበታል። ጫትስ? በውስጡ ያለው ካቲን በውድድር ወቅት በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ውስጥ ከ5 ማይክሮ ግራም ከበለጠ ያስጠይቃል። «አላወቅሁም» ማለት ብቻውን አያድንም።

ለልጅ ስንጽፍ ግን ከቅጣቱ በፊት ሐቁን እናስቀድም፦ በማታለል የተገኘ ሜዳሊያ የሌላ ሯጭ ሐቅ ነው። ለዕረፍት ይርጋጨፌ ወይም ወናጎ ስትገቡ አንድ ገጽ ጽፋችሁ ለታናሾቻችሁ አንብቡላቸው። ካልገባቸው ጥፋቱ የጽሑፉ ነውና እንደገና ጻፉት።