በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን እናንብብ

ከቡታጅራ ተነስቶ በቆሼ በኩል ወደ ዝዋይ (ባቱ) የሚሄድ መኪና ከወይና ደጋው ቁልቁል ወደ ስምጥ ሸለቆ ሙቀት ይገባል። የማረቆ በርበሬ ለገበያ በሚወጣበት ወቅት ደግሞ ከላይ ጆንያ፣ ከውስጥ ሰው ይጫናል። ይህን ሁሉ ክብደት ከመሬት ጋር የሚያገናኘው በእያንዳንዱ ጎማ ሥር ያለ የመዳፍ ያህል ቦታ ነው። እንዲህም ሆኖ ብዙዎቻችን ጎማን የምንገዛው ዋጋውን አይተን ነው፤ ወጣቶቻችን ደግሞ መልኩን።

ውድ አንባቢያን! አውሮፓውያን ለሞቃቱ ወራትና ለበረዶው ወራት የተለያየ ጎማ ይገጥማሉ። የሙቀቱ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በደረቅም በዝናብም መንገድ እንዲሠራ የተቀመመ ነው። ስለዚህ የእኛ በጋም ሆነ ክረምት የእርሱ ወቅት ነው። የበረዶው ጎማ ግን ለብርድ ሲባል ለስላሳ ተደርጎ ስለሚሠራ በእኛ ሙቀት ቶሎ ያልቃል፤ ፍሬን ሲያዝም በቶሎ አይቆምም። ምልክቱ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ ውስጥ ያለ የበረዶ ቅንጣት ነው። ያገለገለ ጎማ በርካሽ ሲቀርብላችሁ ይህን ምልክት ፈልጉ፤ ካገኛችሁት ተዉት።

ወጣቶች «ስፖርት ጎማ» የሚሉት ከሙቀቱ ጎማ ወገን የሆነው፣ ለፍጥነት የተሠራው ነው። አስፋልት በደንብ ይይዛል፣ በኩርባ ላይ አይዋልልም። ለምሳሌ «195/65 አር 15 91 ቪ» ቢል፣ 195 ወርዱ በሚሊ ሜትር፣ 65 የጎኑ ቁመት ከወርዱ በመቶኛ፣ 15 የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። 91 ማለት አንዱ ጎማ እስከ 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ሲሆን ቪ ደግሞ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ነው፤ ኤች ከሆነ 210። ፊደሉ ጎማው የፍጥነትን ሙቀት ምን ያህል እንደሚችል ይናገራል እንጂ ለሩጫ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ጎኑ አጭር የሆነው፣ 45 እና ከዚያ በታች የሚለው፣ ያምራል፤ ነገር ግን ጉድጓድ ሲያገኘው ቸርኬው ይጣመማል፣ ጎኑም ይሰነጠቃል። ለገጠር መንገድ አልመክረውም።

ለሚኒባስ ባለንብረቶች ነገሩ ይከብዳል። «195 አር 15 ሲ 106/104» የሚለው ጎማ ለብቻው ሲገጠም 950 ኪሎ፣ በጥንድ ሲገጠም እያንዳንዱ 900 ኪሎ ይችላል። ሲ የተባለችው ፊደል የጭነት ምልክት ናት። ልኩ ገጠመ ተብሎ የቤት መኪና ጎማ ሚኒባስ ላይ ማሰር በተሳፋሪ ነፍስ መጫወት ነው። ነፍስ ደግሞ አማና ናት።

ዕድሜውንም እዩ። በጎኑ ላይ ከሚገኙት አራት አኃዞች ሁለቱ ሳምንት፣ ሁለቱ ዓመት ናቸው። 2319 ማለት በ2019 ዓመት 23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ዘመኑ የአውሮፓ ነውና በእኛ ሲቆጠር በ2011 የግንቦት መጨረሻ ገደማ ይሆናል። ጥርሱ ባያልቅም ብዙ አምራቾች ከ10 ዓመት በላይ እንዳንጠቀምበት ይመክራሉ። ጥርሱ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲደርስ በመስመሮቹ መካከል ያሉት ጉብታዎች ከላዩ ጋር እኩል ይሆናሉ፤ ያኔ አብቅቷል።

አሮጌውን ጥቁር ቀለም ቀብቶ እንደ አዲስ የሚሸጥ ነጋዴ አይጠፋም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ እህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥበት ባገኙ ጊዜ ሻጩን የገሠጹት የታወቀ ነው። ነውሩን የደበቀ ጎማ ሻጭም ከዚያ ሰው አይለይም፤ እንዲያውም እርጥብ እህል ሰው አይገድልም።

ነፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። በመንገድ ላይ ሞቀ ብሎ ነፋስ ማስተንፈስ የብዙ ሹፌሮች ልማድ ነው፤ ነገር ግን ነፋስ ያነሰው ጎማ ይበልጥ ስለሚተጣጠፍ ይበልጥ ይግላል፤ የሚፈነዳውም በዚህ ነው። ወደ ጎሚስታ ስትሄዱ ስኮርታውንም አስለኩ፤ ዓመተ ምሕረቱንም አንብቡ፤ ለዓመታት ሳይነካ የሚያረጀው እርሱ ነውና።