ሶሪያሲስ፦ ቅርፊቱ ከየት ይመጣል?

“ዶክተር፣ ልጆቼን ማቀፍ ፈራሁ፤ እንዳይጋባባቸው” አለችኝ አንዲት እናት። ክርኗ ላይ የቀላው ቆዳ ብርማ ቅርፊት ለብሷል፤ ጥቁር ሹራቧ ላይም ተራግፏል። ሶሪያሲስ ነው። በንክኪ አይተላለፍም፤ እባካችሁ ልጆቻችሁን እቀፉ!

የንጽሕና ጉድለትም አይደለም። የሰውነታችን የመከላከያ ሕዋሳት የሚነጋገሩት በጥቃቅን የፕሮቲን መልእክተኞች ነው። በሶሪያሲስ ኢንተርሉኪን 23 የተባለው መልእክተኛ ቲ ሴሎች የተባሉትን የመከላከያ ሕዋሳት ይቀሰቅሳል፤ እነሱ ደግሞ ኢንተርሉኪን 17 ያመነጫሉ። ይህ የቆዳ ሕዋሳት ጋ ሲደርስ “ቶሎ ቶሎ ተባዙ” የሚል ትእዛዝ ይሆናል። ጤናማ ቆዳ ለመታደስ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ እዚህ ግን በጥቂት ቀናት ያልቅና በቅጡ ያልበሰሉት ሕዋሳት ይደራረባሉ። ቅርፊቱ ያ ነው።

አዳዲሶቹ መድኃኒቶች መልእክቱን መንገድ ላይ ይይዙታል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ለሶሪያሲስ የተፈቀደው ሴኩኪኑማብ ኢንተርሉኪን 17ኤን፣ ጉሰልኩማብ ደግሞ ኢንተርሉኪን 23ን ያግዳሉ። ሁለቱም መርፌ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የተፈቀደው ዲውክራቫሲቲኒብ ግን ኪኒን ነው፤ የኢንተርሉኪን 23ን መልእክት በሕዋሱ ውስጥ የሚያቀብለውን ቲክ2 የተባለ ኢንዛይም ይገታል።

እነዚህን አዳዲስ መድኃኒቶች ከመጀመር በፊት የቲቢ ምርመራ ግድ ነው፤ በተለይ እንደኛ ቲቢ በበዛበት አገር። ዋጋቸውም ከባድ ነው። ሜቶትሬክሴት የተባለው የቆየ መድኃኒት ዛሬም ብዙዎችን ይረዳል፤ የሚወሰደው ግን በሐኪም ክትትል ብቻ ነው፤ ለእርጉዝ ደግሞ ፈጽሞ አይሰጥም። የሚዋጥ ስቴሮይድ በራሳችሁ ገዝታችሁ አትውሰዱ፤ ድንገት ሲቋረጥ ሶሪያሲሱ ብሶ ሊመለስ ይችላል።