የአልካሎይድ ስርጭት በአስተናግር ተክል ውስጥና ለሕክምና ያለው ትርጉም

አስተናግር፣ በሌላ ስሙ አጤ ፋሪስ፣ ከድንችና ከቲማቲም ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደብ፣ በመንገድ ዳርና በማሳ ውስጥ የሚበቅል መርዛማ ተክል ነው። መርዛማነቱ የሚመነጨው በተለይ ሃዮሳያሚን፣ አትሮፒንና ስኮፖላሚን ከተባሉት አልካሎይዶች ነው።

እነዚህ አልካሎይዶች በዋናነት የሚሠሩት በተክሉ ሥር ውስጥ ሲሆን፣ ከዚያም ከውሃ ጋር ወደ ላይ ተጉዘው በቅጠል፣ በአበባና በዘር ይከማቻሉ። የቲማቲም ቅርንጫፍ በአስተናግር ሥር ላይ ተቀጥሎ ሲያድግ አልካሎይዱ በቲማቲሙ ቅጠል ውስጥ መገኘቱ ለዚህ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ከመርዝ ነጻ የሆነ የአስተናግር ክፍል የለም። መጠኑ ግን እንደ ተክሉ ክፍል፣ ዕድሜ፣ አፈርና አየር ጠባይ ስለሚለያይ፣ ታማሚው በላሁ ባለው ብዛት ብቻ የመርዙን መጠን መገመት አያስተማምንም።

ልዩ ትኩረት የሚያሻው ዘሩ ነው። በ100 ያህል ዘሮች ውስጥ እስከ 6 ሚሊ ግራም አትሮፒን ሊገኝ ይችላል። ዘሩ ጥቃቅን በመሆኑ በመኸር ጊዜ ከእህል ጋር ይደባለቃል። በ2019 እ.ኤ.አ. በኡጋንዳ ካራሞጃ አካባቢ በእነዚህ አልካሎይዶች የተበከለ የእርዳታ ምግብ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎችን መርዞ 5 ሰዎችን ገድሏል።

የመመረዙ ምልክቶች የዐይን ብሌን መስፋት፣ የአፍና የቆዳ መድረቅ፣ ትኩሳት፣ ፈጣን የልብ ምት፣ የሽንት መቋጠር፣ መቀባጠርና ቅዠት ናቸው። አልካሎይዱ የአንጀትን እንቅስቃሴ ስለሚያዘገይ ዘሩ በሆድ ውስጥ ይቆያል፤ ምልክቶቹም ከ24 ሰዓት በላይ ሊዘልቁ ይችላሉ። ታማሚው ለጊዜው ቢሻለውም ቶሎ ማሰናበት አይገባም።

በገጠር ጤና ተቋማት በብዛት የሚታየው የፀረ ተባይ መድኃኒት መመረዝ ነው። ነገር ግን በኦርጋኖፎስፌት የተመረዘ ሰው ላብና ምራቁ ይበዛል፣ የዐይኑ ብሌንም ብዙውን ጊዜ ይጠባል፤ በአስተናግር የተመረዘው ግን ይደርቃል፣ ብሌኑም ይሰፋል። ይህን ልዩነት ሳያረጋግጡ አትሮፒን መስጠት የአስተናግር ታማሚን አደጋ ያባብሳል።

ሕክምናው በዋናነት ድጋፍ ሰጪ ነው፦ የመተንፈሻ አካልን መጠበቅ፣ ትኩሳትን በውሃ ማቀዝቀዝ፣ ፈሳሽ መስጠት፣ ሽንትን በካቴተር ማስወጣት፣ ለመረበሽና ለሚጥል ምልክት ዳያዜፓም መስጠት። ታማሚው ንቁ ከሆነና ቶሎ ከደረሰ ከሰል ይጠቅማል። ክሎርፕሮማዚን ተመሳሳይ ጠባይ ስላለው ሊወገድ ይገባል። ቤተሰቡ ምን እንደ በላ ሲጠየቅ፣ የትኛው የተክሉ ክፍል እንደ ተበላና ከማዕዱ ሌላ ማን እንደ ተካፈለ አብሮ መጠየቅ ያልታዩ ታማሚዎችን በጊዜ ለማግኘት ይረዳል።