የፎገራ ልጅ ሒሳብ ያውቃል

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወረታ ሲደርስ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ደብረ ታቦር ይታጠፋል። በገበያ ቀን እዚያ አካባቢ ሽንኩርት የሚሸጡ ልጆች አይታጡም። ኪሎው 45 ብር ነው እንበል። ሦስት ኪሎ ተኩል ገዝቶ 200 ብር ለሚሰጠው ሰው ልጁ ወረቀትም እስክሪብቶም አይፈልግም። «ሦስቱ 135፣ ግማሹ 22 ከ50፣ 157 ከ50» ይልና 42 ብር ከ50 ይመልሳል። ይኸው ልጅ በማግስቱ ክፍል ውስጥ 45 ሲባዛ በ3 ተጽፎ ሲቀርብለት «1215» ብሎ ይጽፋል። አራት ሦስት ጊዜ አሥራ ሁለት፣ አምስት ሦስት ጊዜ አሥራ አምስት፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጡ ነው።

በወረታ ዙሪያ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ሳስተምር ይህን ስህተት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም የሚሳሳተው። የገበያው ሒሳብ እና የደብተሩ ሒሳብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመስሉታል። በገበያው ያስባል፤ በደብተሩ የታዘዘውን ይሠራል። እኛ መምህራን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምናስተምረው ልጁ ከቤቱ ምንም ሳያውቅ እንደመጣ አድርገን ነው። እኔ የማምነው ግን፣ ልጅ ሒሳብን የሚወደው ቀድሞ የሚያውቀው ሒሳብ ክፍል ውስጥ ሲከበርለትና ከዚያ ተነሥቶ ወደማያውቀው ሲሻገር ነው።

የገበያውና የደብተሩ ሒሳብ መለያየት በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። ቴሬዚኛ ካራኸር፣ ዴቪድ ካራኸር እና አናሉሲያ ሽሊማን የተባሉ ተመራማሪዎች በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ ገበያ የሚሸጡ አምስት ልጆችን አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1985 አሳትመዋል። መጀመሪያ እንደ ገዢ ቀርበው ዋጋና መልስ ጠየቋቸው፤ ልጆቹ ከመቶ 98 ያህሉን በትክክል መለሱ። በኋላ ያንኑ ዓይነት ስሌት ያለ ገበያው ታሪክ፣ በቁጥር ብቻ አቀረቡላቸው፤ ትክክለኛው መልስ ወደ 37 ከመቶ ወረደ። የ12 ዓመት ልጅ አንዱ 35 የሚሸጠውን ኮኮናት አሥር ሲጠየቅ፣ ሦስቱ 105፣ ሌላ ሦስት ሲጨመር 210 እያለ 350 ደረሰ። የወረታው ሽንኩርት ሻጭ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ታዲያ 1215 ብሎ የጻፈውን ልጅ «ተሳስተሃል፣ ተቀመጥ» አልለውም። «ሦስት ኪሎ ሽንኩርት 1215 ብር ትሸጣለህ?» ብዬ ስጠይቀው ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እሱም «ኧረ ቲቸር፣ ማን ይገዛኛል!» አለኝ። «ታዲያ ስንት ነው?» አልኩት። «አርባው ሦስት ጊዜ 120፣ አምስቱ ሦስት ጊዜ 15፣ 135።» ያንን በቃሉ ያለውን ሰሌዳ ላይ በራሱ እጅ በሁለት መስመር አስጻፍኩት፤ 120፣ ከሥሩ 15፣ ድምር 135። መጽሐፉ የሚያስተምረው ወደ ላይ የመያዝ ስሌት ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ያሳጠረው ብቻ ነው። ልጁ ይህን አንዴ ካየ በኋላ የመጽሐፉ መንገድ ባዕድ አይሆንበትም።

አሁን ወደ ሩዝ ልምጣ፤ ለማባዛት ትምህርት ከሩዝ ማሳ የተሻለ ሰሌዳ አላውቅምና። ወረታ ያለችበት የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ ርብና ጉማራ ወንዞች ክረምት ሲሞሉ የሚተኙበት ጥቁር አፈር ነው። የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ማሠልጠኛ ማዕከልም ያለው እዚሁ ነው። ብዙ ገበሬ አሁንም ሩዝ የሚዘራው በብተና ነው፤ በመስመር መትከልን ግን ልጆቹ ያውቁታል። በግቢያችን አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ካሬ በገመድ እንሠራለን። በየ20 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ጠጠር ቢቀመጥ በአንድ መስመር አምስት፣ አምስት መስመር ደግሞ 25 ይሆናል። ልጆቹ ጠጠሩን የሚያስቀምጡት ችግኝ ነው እያሉ ነው። መጀመሪያ አንድ በአንድ ይቆጥራሉ፤ ቀጥሎ በአምስት በአምስት፤ ከዚያ አንዷ «ቲቸር፣ መቁጠር አያስፈልግም፣ አምስት አምስት ጊዜ ነው» ትላለች። የማባዛት ትርጉም የገባት ያን ጊዜ ነው።

ብዙ መምህር እዚህ ላይ ይቆማል። ጠጠር አስቆጠርኩ፣ ልጆቹም ተደሰቱ ብሎ ይረካል፤ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ግን በቀጥታ ወደ ቁጥር ይዘላል። ልጁ በጠጠሩና በቁጥሩ መካከል ድልድይ ያጣል። ድልድዩ ሥዕል ነው። ከግቢ ስንገባ ያንኑ ማሳ በደብተር በነጥብ እናሰፍረዋለን። ከዚያ ነጥቡን ትተን ባዶ አራት ማዕዘን እንሥላለን፤ በአንዱ ጎን 14፣ በሌላው 6 እንጽፋለን። ማሳውን በመስመር ከፍለን አንዱን 10 በ6፣ ሌላውን 4 በ6 እናደርገዋለን፤ 60 እና 24፣ 84። የቁጥር ስሌቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጄሮም ብሩነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጻፈው፣ ሲንጋፖርም የሒሳብ ትምህርቷን የገነባችበት ሐሳብ ይህ ነው፤ መጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ በሥዕል፣ በመጨረሻ በምልክት።

ከአራተኛ ክፍል ልጆች ጋር ከዚህም አልፈን ሄደናል። በካሬ ሜትር 25 ችግኝ ከሆነ በአንድ ጥማድ፣ ማለትም በሩብ ሄክታር ወይም በ2,500 ካሬ ሜትር፣ ስንት ችግኝ ይተከላል? መልሱ 62,500 ነው። ቁጥሩ ሰሌዳ ላይ ሲወጣ አንዲት ልጅ ዝም ብላ አይታው «የእናቴ ወገብ የሚያማት ለዚህ ነዋ» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ክፍል ውስጥ ትልቅ ቁጥር ማለት ዜሮ መደርደር ብቻ አልነበረም።

የሩዙ መስመር ሌላም ነገር ያስተምራል። 13 መስመር፣ በየመስመሩ 24 ችግኝ ቢኖርስ? የማባዛት ሠንጠረዥ ገና ያልያዘ ልጅ እጥፍ ማድረግ ከቻለ ይበቃዋል። አንዱ መስመር 24፣ ሁለቱ 48፣ አራቱ 96፣ ስምንቱ 192። 13 ማለት ስምንት፣ አራትና አንድ ስለሆነ 192፣ 96 እና 24 ሲደመሩ 312። ይህ በእጥፍ የማስላት መንገድ በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት የኢትዮጵያውያን የማባዛት ዘዴ እየተባለ ይጠቀሳል፤ የጥንት ግብፃውያንም በዚሁ መንገድ ያሰሉ ነበር። የእኛ ልጆች ይህን ሳይሰሙ ስምንተኛ ክፍል መድረሳቸው ያሳዝነኛል። ሠንጠረዡን በቃል መያዝ አያስፈልግም ማለቴ ግን አይደለም። ያስፈልጋል፤ ትርጉሙ ከገባ በኋላ፣ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት።

ክፍልፋይ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ልጆች ሒሳብን መፍራት የሚጀምሩት እዚህ ላይ ነውና። «አንድ ሦስተኛ ይበልጣል ወይስ አንድ አራተኛ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙዎቹ «አንድ አራተኛ» ይላሉ፤ አራት ከሦስት ስለሚበልጥ። ጥያቄውን ወደ ማሳው ውሰዱት። በፎገራ መሬት በእኩል፣ በሲሶ፣ በእርቦ ይታረሳል። «ከምርቱ ለመሬቱ ባለቤት ሲሶ መስጠትና እርቦ መስጠት፣ ለአራሹ የቱ ይሻለዋል?» ስላቸው ከኋላ ወንበር ሳይቀር «እርቦ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ለምን? «ለባለቤቱ የሚሄደው ስለሚያንስ።» 12 ኩንታል ከሆነ ሲሶው አራት፣ እርቦው ሦስት። አሥራ ሁለት ቆርኪ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ያካፍላሉ፤ ከዚያ አንድ ሦስተኛ እና አንድ አራተኛ ብለው ይጽፋሉ። ሥሩ ያለው ቁጥር ሲያድግ ድርሻው ለምን እንደሚያንስ ከዚህ በኋላ ማስረዳት አይከብድም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ እወዳለሁ። በክፍሉ ውስጥ ቤተሰቡ መሬት የሌለው ልጅ አለ፤ መሬት የሚያከራይ ቤተሰብ ያለውም አለ። ስለዚህ ምሳሌው ላይ የማንንም ልጅ ቤት አላስገባም፤ «አንድ ገበሬ» ብዬ እጀምራለሁ። ልጅ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ስለ ድህነቱ እንዲያፍር ማድረግ ከማንኛውም የስሌት ስህተት የከፋ ነው።

ገንዘብ የሚያስወጣ መሣሪያ የለንም፤ ግን ያን ያህል አያስፈልግም። ቆርኪ ከየሻይ ቤቱና ከየመጠጥ ቤቱ በነፃ ይገኛል። ባቄላና ሽምብራ፣ ጠጠር፣ የአሥር አሥር እንጨት እስር አለ። ከሁሉም የምወደው ከሸምበቆ የሚቆረጡ ዘንጎችን ነው፤ ከአንድ ሳንቲ ሜትር እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር። የበቆሎ አገዳም ይሆናል፤ ሲደርቅ ግን ስለሚኮማተር ልኩ ይዛባል። ልጆቹ ይለካሉ፣ ምላጩን ግን እኔ ነኝ የምይዘው። የአሥሩን ዘንግ አስቀምጠው ከሥሩ ሰባትና ሦስት፣ ስድስትና አራት፣ ስምንትና ሁለት ያጋጥማሉ። ስምንትና አምስትን ለመደመር ከአምስቱ ሁለት ወስደው አሥር ሲሞሉ ሦስት ይተርፋቸዋል፤ በጣት መቁጠር ቀስ በቀስ ይቀራል።

እነዚህን ዘንጎች የፈጠረው ጆርጅ ኪዊዝኔር የተባለ የቤልጅየም የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ነው። ለዓለም ያስተዋወቃቸው ደግሞ በእስክንድርያ የተወለደው ካሌብ ጋቴኞ ነው። ጋቴኞ እ.ኤ.አ. በ1957 በተባበሩት መንግሥታት ባለሙያነት ወደ አገራችን መጥቶ በአማርኛ ንባብ ማስተማር ላይ ሠርቶ ነበር፤ ንባብን በቀለም የማስተማር ዘዴውም ከዚያ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው።

ስለ ገበጣ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ በጠጠር የሚጫወት ልጅ የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ ቀድሞ ያሰላል። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ያሉትን በርካታ የገበጣ ዓይነቶች መዝግበዋል። በእረፍት ሰዓት ከሚጫወቱት ሁለት ልጆች ጎን ቆሞ «ከዚህ ብታነሣ የት ትደርሳለህ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃል። የዘመን አቆጣጠራችንም እንዲሁ ነው። ለ2018 ዓ.ም. 5500 ደምረው 7518ን ለአራት ሲያካፍሉ ሁለት ይተርፋል፤ ሁለት ሲተርፍ ዘመኑ የማርቆስ ነው። ቀሪ ያለው ማካፈል ለምን እንደሚጠቅም የሚጠይቅ ልጅ መልሱን እዚህ ያገኛል።

«ይህ ሁሉ 70 ልጅ ባለበት ክፍል እንዴት ይሆናል?» የሚለኝ መምህር አለ። ጥያቄው ትክክል ነው። እኔ የማደርገው ይህን ነው፤ ጥያቄ ስጠይቅ እጅ አላስወጣም፤ እጅ የሚያወጡት ሁልጊዜ ያው ስድስትና ሰባት ልጆች ናቸውና። ሁሉም አስበው መልሱን በጣታቸው ደረታቸው ላይ ያሳዩኛል። በአንድ እይታ ማን እንደገባው፣ ማን ከጎረቤቱ እንዳየ አውቃለሁ። ከዚያ የተለያየ መልስ ያላቸውን ሁለት ልጆች መርጬ «እንዴት አገኛችሁት?» እላለሁ። ትክክል የመለሰውንም ያንኑ እጠይቀዋለሁ፤ አለዚያ ጥያቄው ራሱ የስህተት ምልክት ይሆንና ልጁ ሲጠየቅ ይደነግጣል። አርጩሜ ባለበት ክፍል ግን ይህ አይሠራም። የሚፈራ ልጅ መንገዱን አይናገርም፤ መልሱን ብቻ ይገምታል።

አንድ አባት ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው «መምህርት፣ ልጄን ጠጠር እንዲቆጥር አይደለም የላክሁት፤ ጠጠርማ ከብት ሲጠብቅም ይቆጥራል» አሉኝ። አልተቆጣሁም፤ ልጃቸው እንዲማርላቸው ነው የመጡት። ልጁን ጠርቼ የነጥብ ሥዕሉን፣ ከዚያ የተከፋፈለውን ማሳ፣ ከዚያ ስሌቱን በደብተሩ እንዲያሳያቸው አደረግሁ። አባትየው በሩዝ ዋጋ ጥያቄ ፈተኑት፤ መለሰ።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ሸክም አለብን። በክልላችን በጸጥታው ችግር ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለቆዩ በአንድ አራተኛ ክፍል ውስጥ ማካፈል የሚችልና እስከ መቶ መቁጠር የሚቸግረው ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ለሁለቱም አንድ ገጽ መክፈት ሁለቱንም መበደል ነው። በሕንድ ፕራታም የተባለ ድርጅት ልጆችን በቀኑ ውስጥ ለተወሰነ ሰዓት በክፍላቸው ሳይሆን በሚያውቁት ልክ እየመደበ ያስተምራል፤ በየመንደሩ ተሞክሮ ለውጥ ያመጣ አሠራር ነው። እኛም ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉትን መምህራን አስተባብረን በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ብናውል፣ የሚያስፈልገን የርዕሰ መምህሩ ፈቃድና አንድ አጭር የቃል ፈተና ብቻ ነው፤ ቁጥር ማንበብ፣ መደመር፣ መቀነስ፣ ማካፈል። የአራተኛ ክፍሉ ልጅ ከሁለተኛ ክፍሎቹ ጋር ሲቀመጥ እንዳያፍር ምድቦቹን በቁጥር ሳይሆን በርብ፣ በጉማራና በጣና ስም እንጠራቸዋለን፤ በየወሩም ደግመን ፈትነን እናዛውራቸዋለን።