የመጠበቅ ትዝታ፦ ከበይነ መረብ ጨዋታ ዓለም እስከ አዲሱ ገበያ ፕሌይስቴሽን ቤት

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በ1997 የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ለአገሪቱ የኢንተርኔት አገልግሎት መስጠት ጀመረ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ «አልቲማ ኦንላይን» የተባለ ጨዋታ ለገበያ ቀረበ፤ ጨዋታው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ጠንቋይና ጦረኛ በሚኖሩበት ምናባዊ ዓለም በአንድ ጊዜ አገናኘ። የዚያ ዘመን ተጫዋቾች ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ያለፈውን ይናፍቃሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የናፍቆቱን ምንነት መመርመርና ጨዋታው በቀላሉ ካልደረሰበት የአዲስ አበባ ሰፈር ትዝታ ጋር ማነጻጸር ነው።

የተመለሰው ዓለም

ስቬትላና ቦይም እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ናፍቆትን በሁለት ይከፍሉታል፦ የጠፋውን ቤት እንደ ነበረ መልሶ ለመገንባት የሚሻና በጠፋው ላይ የሚያሰላስል። የመጀመሪያው ዓይነት በጨዋታው ዓለም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዝ የተጀመረው «ሩንስኬፕ» በየጊዜው እየተለወጠ በመሄዱ ነባር ተጫዋቾች ቅሬታ አሰሙ። በ2013 ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ድርጅቱ ከ2007 የተረፈውን መጠባበቂያ ቅጂ አንሥቶ የቀድሞውን ጨዋታ መልሶ ከፈተ። ጨዋታው ተመለሰ፤ አለማወቁ ግን አልተመለሰም። ቀድሞ መንገዱ የጠፋበት ተጫዋች የማያውቀውን ሰው ይጠይቅ ነበር፤ አሁን የእያንዳንዱ ጉዞ መፍትሔ አስቀድሞ ተጽፎ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ኤቨርኩዌስት»ም ይህንኑ ያሳያል። ተጫዋቹ ባሕር ለመሻገር መርከብ ይጠብቅ ነበር፤ ከውጊያ በኋላም ኃይሉ እስኪመለስ ይቀመጥ ነበር። በዚህ ሥራ ፈት ጊዜ ወሬ ይጀመር ነበር፤ ከወሬውም ወዳጅነት ይወለድ ነበር።

ወረፋው በአዲሱ ገበያ

በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ወደ ሱሉልታ በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኘው አዲሱ ገበያ፣ እንደ ሌሎቹ የከተማዋ ሰፈሮች ሁሉ፣ ለእነዚህ ጨዋታዎች በሩ ጠባብ ነበር። ወርኃዊ ክፍያው በአብዛኛው ዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ ይጠይቅ ነበር፤ በስልክ መስመር የሚመጣው ኢንተርኔትም ቀርፋፋና ውድ ነበር። ስለዚህ የሰፈር ልጆች የሚሰባሰቡት በጆተኒውና በፕሌይስቴሽን ቤቱ ነበር። ለጨዋታው ሳንቲም ይከፈላል፤ የተሸነፈ ይነሣል፤ ተራ ጠባቂው አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ ይመክራል፣ ይተቻል፣ ይሣሣቃል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወሬው ይቀጥላል።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ነው፦ አንደኛው በውቅያኖስ የተራራቁ እንግዶችን፣ ሁለተኛው ጎረቤታሞችን ያገናኛል። የጋራ መሠረታቸው ግን መጠበቅ ነው። እጥረቱ ሰውን ከሰው ጋር አስቀመጠ፤ ትዝታውም በዋነኛነት ያረፈው በዚያ ቁጭታ ላይ ይመስላል። ዛሬ በእጅ ስልክ ለብቻ የሚጫወት ወጣት ወረፋ የለበትም፤ አጠገቡ የሚመክረው ሰውም ላይኖር ይችላል።

ማጠቃለያ

«ሩንስኬፕ» ሊመለስ የቻለው ቅጂው በመቀመጡ ነው። ለፕሌይስቴሽን ቤቱ እንዲህ ያለ ቅጂ የለውም፤ ጠባብዋ ክፍል ስትዘጋ ወይም ሰፈሩ ሲፈርስ የሚቀረው በሰዎች አእምሮ ያለው ብቻ ነው። የአገሪቱ የዲጂታል ባህል ታሪክ በመሠረተ ልማት ዘገባ ብቻ ከተጻፈ ይህ ገጽ ይጎድለዋል። ስለሆነም የቤቶቹ ባለቤቶችና የቀድሞ ተጫዋቾች በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን መቅዳት ለታሪክ፣ ለፎክሎርና ለሶሲዮሎጂ ተመራማሪዎች ጊዜ የማይሰጥ ሥራ ነው።