አዲሱ ቤትሽ ቢሰነጠቅ ማን ይጠግነዋል?



በሱወይዲ ከማነጋግራቸው እህቶች ብዙዎቹ ደመወዛቸውን የሚልኩት ለሦስት ነገር ነው፤ ለወላጅ፣ ለልጅ ትምህርትና ለቤት። ቤት ስለ ማሠራት ብዙ ይወራል። ቤቱ ካለቀ በኋላ ስለሚመጣው ግን የሚያወራ የለም። ቁልፍ ተረከቡ፣ ቡና ተፈላ፣ ፎቶው በኢሞ መጣ፣ አንቺም አልቅሰሽ አመሰገንሽ። ከዚያ የመጀመሪያው ክረምት ይገባል። ኮርኒሱ ላይ ውኃ ይታያል፣ ልስኑ ይነሳል፣ ከመስኮቱ ጥግ ስንጥቅ ይጀምራል። የሠራው ሰው ስልክ አያነሳም። ቀጥሎ የሚደርስሽ መልእክት «ትንሽ ብር ላኪና እናስጠግነው» የሚል ነው።

ያንን ብር ከመላክሽ በፊት ይህን ጽሑፍ አንብቢ።

ዳማን ለቤትም አለው

እኔም በሰው ቤት ሠርቻለሁና ይህን አንቺም አይተሽ ይሆናል። የማዳም ልብስ ማጠቢያ ሲበላሽ ማዳም አትጨነቅም። ከመሳቢያ ፋቱራዋን ታወጣለች፣ ቀኑን ታያለች፣ «ዳማን አለው» ብላ ትደውላለች፣ ጠጋኙ ይመጣል። ማሽኑን ያስጠገነው የማዳም ገንዘብ አይደለም። ያስጠገነው ወረቀቱ፣ በወረቀቱ ላይ ያለው ቀንና ሳይዘገይ የተደወለው ስልክ ነው።

አገር ቤት ያሠራሽው ቤትም ዳማን አለው፤ በአማርኛ ዋስትና እንለዋለን። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 ቤት ለመሥራት የተዋዋለ ሰው፣ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለአሠራሩ ትክክለኛነትና ለጥንካሬው ዋስ ነው ይላል። በዚሁ አንቀጽ ልታውቂያቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ስለ መሬቱ ነው። ጥቁር አፈር፣ በአንዳንድ ቦታ ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው፣ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። መሠረቱ በሚገባ ካልተሠራ ግድግዳውንም አብሮ ይሰነጥቃል። ሠሪው «ጥፋቱ የመሬቱ ነው» ቢልሽ ሕጉ አይቀበለውም፤ ከመሬቱ ጠባይ የተነሳ ለሚደርሰው ጉዳትም ኃላፊው እሱ ነው።

ሁለተኛው ስለ ውሉ ነው። በውሉ ላይ «ዋስትናው ስድስት ወር ብቻ ነው» ወይም «ከርክክብ በኋላ አይመለከተኝም» ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ያ ቃል ዋጋ የለውም። ይህን ዋስትና በውል ማሳጠርም ማስቀረትም አይቻልም።

ዋስትናው ግን ሁሉን አይሸፍንም። ልጅ የሰበረው መስታወት፣ ያረጀ ቁልፍ፣ አንቺ በኋላ ያስጨመርሽው ክፍል ያመጣው ጉዳት በእሱ ላይ አይወድቅም።

በቁርጥ ነው ወይስ በቀን?

ዋስትናው የሚጠየቅበት ሰው መኖር አለበት። ሥራውን አንድ ሰው ወይም ድርጅት በቁርጥ ተዋውሎ ከሠራው ተጠያቂው ይታወቃል። ወንድምሽ ግንበኛውን በቀን ሒሳብ፣ አናጺውን ለብቻ፣ ቧንቧ ሠራተኛውን ለብቻ እየቀጠረ ሲሚንቶና ብረት ራሱ ከገዛ ግን ነገሩ ይከብዳል። ጣሪያው ሲያፈስ አናጺው በግንበኛው፣ ግንበኛው በቆርቆሮው ያሳብባል። እንዲህ ዓይነቱ አሠራር ወጪ ይቀንሳል ይባላል፤ ግን ስትጠቀሚበት ቢያንስ መሠረቱንና ጣሪያውን፣ ማለትም ሲበላሹ ብዙ የሚያስወጡትን፣ በጽሑፍ ውል ለአንድ ኃላፊ ስጪ።

ውሉ በማን ስም እንደሆነም ተመልከቺ። ቦታውም ውሉም በወንድምሽ ስም ከሆነ ዋስትናውን የሚጠይቀው እሱ እንጂ አንቺ አይደለሽም። ውሉ በስምሽ ሆኖ እሱ «ስለ እርሷ በውክልና» ብሎ ሲፈርም ግን መብቱ ያንቺ ነው።

ከሪያል ስቴት አፓርታማ ከገዛሽ የመጀመሪያ ጥያቄሽ ለሻጩ ነው። እዚያ ደግሞ ፍጥነት ያስፈልጋል፤ ገዢ የተረከበውን ነገር መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጭ ማሳወቅ አለበት። የኮንዶሚኒየም ቤት ከሆነ የሚያፈሰው ከቤትሽ ውስጥ ነው ወይስ ከጋራ ጣሪያና ከጋራ ቧንቧ ብለሽ ለዪ። የጋራ የሆነው በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ የሚያስተዳድረው ነው፤ ብቻሽን ገንዘብ አውጥተሽ አትጠግኝው።

የመጨረሻው ክፍያ

ከሱወይዲ ሆነሽ በእጅሽ ያለው ትልቁ ኃይል ያልተከፈለው ብር ነው። በትልልቅ ግንባታዎች የተለመደ አሠራር አለ፤ መጀመሪያ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል፣ ከክፍያው ብዙ ጊዜ 5 በመቶ ይያዛል፣ አንድ ዓመት ገደማ ታይቶ ጉድለቱ ከተስተካከለ በኋላ የመጨረሻው ርክክብ ይደረጋል። ይህን በትንሽ ቤት ውልም ማስገባት ይቻላል። አንድ ክረምት ሳያልፍበት ጣሪያ አይፈተንምና የመጨረሻው ክፍያ ከክረምት በኋላ እንዲሆን ተዋዋዪ። ክፍያውም በደረጃ ይሁን፤ መሠረት ሲያልቅ፣ ግድግዳ ሲቆም፣ ጣሪያ ሲለብስ፣ ማጠናቀቂያው ሲያበቃ። ገንዘቡ በባንክ ወደ ሠሪው ሒሳብ ይግባ፤ የሐዋላ ደረሰኝሽንም አትጣዪ።

ከርክክቡ በፊት የቀጥታ ቪዲዮ ጠይቂ። ተቀድቶ የሚላክ ቪዲዮ የሚያምረውን ብቻ ያሳያል። በቀጥታ ከሆነ ግን «ወደ ግራ መልሰው፣ ቧንቧውን ክፈተው፣ ሽንት ቤቱን ልቀቀው» ማለት ትችያለሽ። ከበሩ ጀምረሽ በየክፍሉ እነዚህን እዪ፦ በሮችና መስኮቶች ይዘጋሉ? የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ውኃውን ወደ መውረጃው ይወስዳል? ከማጠቢያው ሥር ይንጠባጠባል? አሸንዳው ውኃውን ከግድግዳው አርቆ ይጥላል? ማብሪያ ማጥፊያው ሁሉ ይሠራል? የተገኘው ጉድለት በወረቀት ተጽፎ ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙበት፤ የርክክቡ ቀን ይጻፍበት። አሥሩ ዓመት የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው።

ስንጥቅ ሲታይ

ልስን ላይ የሚታይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ልስኑ ሲደርቅ የሚመጣ ነው። ከበር ወይም ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ፣ ብሎኬቱን ይዞ የሚሄድና የሚሰፋ ከሆነ ግን መሠረቱን መጠርጠር ነው። ልስን አስለስኖ ቀለም መቀባት በሽታውን ይሸፍናል እንጂ አያድንም፤ ማስረጃሽንም ያጠፋል።

ስለዚህ ቤተሰብሽ እንዲህ ያድርጉ። በስንጥቁ ሁለት ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርገው ቀን ይጻፉበት። ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው ፎቶ ያንሱ። በወሩ ደግመው ያንሱ። ስንጥቁ ምልክቱን አልፎ ከሄደ ከሠሪው ጋር ዝምድና የሌለው መሐንዲስ አይቶ የጽሑፍ አስተያየት ይስጥ።

ስልክ ብቻውን አይበቃም

በስልክ የተባለው ሁሉ ነፋስ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ውሉን ያልፈጸመን ሰው ከመክሰስ በፊት ማስጠንቀቂያ መስጠት መሠረታዊ ደንብ ነው። ማስጠንቀቂያው ረጅም መሆን የለበትም። ይህን መገልበጥ ትችያለሽ፦

«በ____ ቀን ባደረግነው ውል መሠረት ሠርተው በ____ ቀን ያስረከቡኝ ቤት ላይ የሚከተሉት ጉድለቶች ታይተዋል፦ ____። ይህ ማስጠንቀቂያ በደረስዎ በ____ ቀናት ውስጥ በራስዎ ወጪ እንዲጠግኑልኝ እጠይቃለሁ። ባይጠግኑ በሌላ ባለሙያ አስጠግኜ ወጪውን በሕግ እጠይቃለሁ።»

ሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ በአንዱ ላይ የተቀበለበትን ቀን ጽፎ ይፈርም። አልፈርምም ካለ ምስክሮች ባሉበት ይሰጠውና ምስክሮቹ ይፈርሙ። ውኃ እየገባ መጠበቅ ካልተቻለና የግድ በሌላ ሰው ማስጠገን ካስፈለገ፣ አስቀድሞ ያሳውቁት፣ ከጥገናው በፊትና በኋላ ፎቶ ያንሱ፣ ደረሰኙን ያስቀምጡ። ሽማግሌ ቢገባም ጥሩ ነው፤ የተስማሙበት ግን በጽሑፍ ይሁን።

ውክልናሽ ምን ይላል?

አንዲት እህት ጣሪያዋ እያፈሰ፣ ወንድሟ ውክልና ይዞ ፍርድ ቤት ሄዶ ተመለሰ። ውክልናው «ንብረቴን እንዲያስተዳድር» ይላል እንጂ «እንዲከስ» አይልም ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት ለመክሰስ፣ ተከሶ ለመከራከር፣ ለመታረቅ፣ ቤት ለመሸጥና መያዣ ለማድረግ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ጠቅላላ ውክልና አይበቃም።

ይህ ሕግ አንቺንም ይጠብቅሻል። ስለዚህ በሪያድ ኤምባሲያችን ውክልና ስትሰጪ «ስለ ቤቱ ግንባታ እንዲዋዋል፣ እንዲረከብ፣ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ፣ እንዲከስ፣ እንዲከራከር» የሚለው ይግባ። «እንዲታረቅ» የሚለውን አስበሽበት ጨምሪ። «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በመያዣ እንዲያስይዝ» የሚለው ካላስፈለገሽ እንዲወጣ ጠይቂ። ፈርመሽ ከመውጣትሽ በፊት አንብቢው፤ ማንበብ ካልቻልሽ ይነበብልሽ። ዋናው ወረቀት አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት በኩል ያልፋል። የሰጠሽውን ውክልና በማንኛውም ጊዜ መሻር ትችያለሽ።

ዓርብና ቅዳሜ በሳዑዲ የመንግሥት ዕረፍት ስለሆነ ዕረፍትሽ ዓርብ ከሆነ ለኤምባሲ አይሆንሽም። ማዳምን ቀድመሽ፣ ቀኑን ጠቅሰሽ ጠይቂ፤ «ለቤቴ ወረቀት ነው» በያት። ፓስፖርትሽንና ኢቃማሽን ይዘሽ ሂጂ።

መጠየቅ አለማመን አይደለም

ከሁሉ የሚከብደው ይህ መሆኑን አውቃለሁ። «ደረሰኙን ላክልኝ» ስትይ ወንድምሽ «አላመንሽኝም እንዴ?» ይላል፣ እናትሽ ትቆጣለች፣ አንቺም አፍረሽ ዝም ትያለሽ። ብዙ ቤት ሳይጠገን የሚቀረው በሠሪው እምቢታ ብቻ አይደለም፤ በዚህ ዝምታም ነው።

እንዲህ በዪው፦ «ወንድምዬ፣ አንተን አምናለሁ። ወረቀቱን የምፈልገው ለሠሪው ነው። ወረቀት ከሌለ አንተም እኔም መሟገቻ የለንም።» እውነትም ነው። ደረሰኙ ለወንድምሽም ጋሻው ነው፤ ነገ ሰው ቢያማው የሚያወጣው ማስረጃ አለው። አደራ የሚከብረው ሲቆጠር ነው።

ዛሬ ማታ ሥራሽን ስትጨርሺ ሦስት ነገር ብቻ አድርጊ። ውሉን ፎቶ አንሥተው እንዲልኩልሽ ጠይቂ። የርክክቡን ቀን ጻፊ። የውክልናሽን ቃላት አንብቢ። ከሦስቱ የጎደለ ካለ ዳማኑ ሳያልፍበት ለማሟላት ገና ጊዜ አለሽ።

ጌታ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፤ ገብተሽ የምታርፊበት ቤት ያድርግልሽ።